የቁም መርዶ

ቄስ ገብረአብ ውሸት አይናገሩም። ውሸት የግድ ሲያስፈልግ የምትናገርላቸው እህታቸው ወርቅነሽ ናት። ይህ የሥራ ክፍፍል ልጃቸው ማኅደረማርያም ከታመመች ወዲህ ማንም ሳያወያይበት የተመሠረተ ሲሆን፣ ሁለቱም በየድርሻቸው ተዋጥቶላቸዋል። ልጅቷ «ምንድን ነው ያመመኝ?» ስትል ቄሱ «የደም ነገር ነው» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የደም ነገር ነው። ወርቅነሽ ወዲያው ከኋላ ገባ ብላ «ደም ማነስ ነው እኮ የኔ ቆንጆ፣ ቀይ ሥር ብዪ፣ ጎመን ብዪ» ትላለች፤ ይኸኛው ውሸት ነው፣ ግን ከቄሱ አፍ አልወጣም። በየወሩ ከሆስፒታል የሚሰጠውን እንክብል ወርቅነሽ ከነካርቶኑ ወደ ጓዳ ይዛ ትገባና በቪታሚን ጠርሙስ ገልብጣው ትወጣለች። ይህ በሚሆንበት ጊዜ ቄሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዳዊት ይደግማሉ። ያላዩትን ነገር አያውቁም፤ የማያውቁትን ነገር ደግሞ እንዴት ብለው ይዋሻሉ?

ወርቅነሽ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። እሷ ከፋብሪካው ወጣች እንጂ ብርድ ልብሱ ከእሷ አልወጣም። ሶፋው ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ፍሪጁ እንኳ ትከሻው ላይ አንድ ጣል ተደርጎበታል። ፍሪጁ ሥራ የለውም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ወተት ውጭ ቢያድር ምን ይሆናል? ስለዚህ የእንግዳ ብርጭቆ ይቀመጥበታል። ማኅደረማርያም የምትኖረው በዚህ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ከአንኮበር እየተመላለሱ መታከም ስላልተቻለ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ አክስቷ ዘንድ ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ አስካለማርያም ጉልበቷን ስለሚያማትና ታናናሾቿን የሚይዝ ስለሌለ አገር ቤት ቀርታለች። አባቷ ግን የሐኪም ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር ሰሞናቸውን ለሌላ ካህን አስይዘው፣ በሶ ቋጥረው ይመጣሉ።

ትናንት ያ ሁሉ የተዋጣለት ሥራ አደጋ ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሄደው ሳሉ ዶክተር ሠናይት የምትባል ተመራማሪ ቄሱን ወደ ጎን ጠርታ፣ በጽኑ የታመሙ ወጣቶች የሚሳተፉበት አማካሪ ቡድን እያቋቋመች መሆኑን ነገረቻቸው። ልጆቹ ተሰብስበው ጥናቱ ምን ቢጠይቅ ይሻላል፣ ምኑን ቢተው ይሻላል እያሉ ይመክራሉ፤ ወላጆቻቸውም በሌላ ክፍል እንዲሁ። «እስከ ዛሬ ስለ እነሱ እናጠናለን እንጂ እነሱን ጠይቀን አናውቅም» አለች። ቄሱ የታመመን ሰው ስለ ሕመሙ መጠየቅ ይህን ያህል አዲስ ነገር መሆኑ ቢያስገርማቸውም ሐሳቡን ወደዱት። መዘዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ የሚወያዩት ሕመማቸውን በስሙ እየጠሩ ስለሆነ ስሙን ያልሰማ ልጅ መግባት አይችልም። መንገሩ ደግሞ የቤተሰብ ድርሻ ነው። ስብሰባው በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ካልነገሯት ልጅቷ ከበር ትመለሳለች።

«ሌላ ጊዜ ትገባለች» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ያላለፉት ማኅደረማርያም ስለ ስብሰባው ከነርሷ ሰምታ ስለነበር ነው። ይህች ልጅ ዓመት ሙሉ «በላሽ ወይ? ተኛሽ ወይ?» ከሚል በስተቀር ሌላ ጥያቄ ቀርቦላት አያውቅም። ቤት እንደገቡ ሰማያዊ ቀሚሷን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቀለችው፤ ጫማዋን ጠረገች፤ «አባባ፣ ምን ይጠይቁን ይሆን?» እያለች አሥር ጊዜ ጠየቀቻቸው። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካዩ ቆይተዋል። ይህን ፊት ከበር መመለስ አልሆነላቸውም። የበሽታውን ስም ነግረው ፊቱን ማጨለምም አልሆነላቸውም። ቄሱ ልጃቸውን እጅግ ፈሩ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

የሚያስገርመው ደግሞ ቄስ ገብረአብ በአንኮበር ዙሪያ የታወቁ መርዶ ነጋሪ መሆናቸው ነው። ልጁ ሩቅ አገር የሞተበት፣ እህቱ ዐረብ አገር የቀረችበት ሰው ካለ ዘመድ አዝማድ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ መድረስን ያውቁበታል። ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጥቂት አውርተው «ታሞ ነበር» ይላሉ፤ ቆየት ብለው «ጠንቶበት ነበር» ይላሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። የቀረውን ዝምታው ይጨርሰዋል። ሆኖም ይህ ሙያ አንድ ሕግ አለው፦ የገዛ ቤቱን መርዶ ማንም አይናገርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ትናንት ከሠርክ ጸሎት በኋላ የሰፈሩን የእድር ዳኛ አቶ ፍሥሐንና መምሬ ብርሃነ መስቀልን ጠጋ ብለው «ነገ ማለዳ ሰብሰብ ብላችሁ ኑልኝ፤ ለልጄ ቀስ ተብሎ የሚነገራት ነገር አለ» አሏቸው።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ማን ሞተ ብሎ ባለቤቱን መጠየቅ ነውር ነው። ከመጠየቅ ይልቅ አሰሉ። ቄሱ ቆመዋል፣ ወርቅነሽ ገበያ ስትሄድ ታይታለች፣ ልጅቷ በሕይወት አለች። የልጅቷ እናት ግን ከታየች ቆይታለች፣ ጉልበቷንም ያማታል ተብሏል። ሒሳቡ አስቸጋሪ አልነበረም። አቶ ፍሥሐ ለሚስታቸው ነገሩ፤ ሚስታቸው ለማንም እንዳይናገሩ እያስጠነቀቁ ለሰፈሩ ነገሩ።

ማለዳ ውርጩ የቆርቆሮውን ጣሪያ አንጥቶት ቄስ ገብረአብ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ እንግዶቻቸውን ይጠብቃሉ። ወርቅነሽ ሐሳቡን ስትሰማ «ጋሼ፣ ይሄን ቢነግሯት ትሞትብዎታለች» ብላ ተቆጥታ ጓዳ ገብታለች፤ ዕቃ ስታጋጭ ይሰማል። በዚህ መሃል ከወደ መንገዱ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ቄሱ ቆም ብለው አደመጡ። ከሰፈሩ ሰው አርፏል ማለት ነው። «ነፍሱን ይማር፤ ማን ይሆን ምስኪን?» ብለው ላላወቁት ሟች አባታችን ሆይ ደገሙለት። ገና አሜን ሳይሉ አቶ ፍሥሐና መምሬ ብርሃነ መስቀል በበሩ ገቡ። ከኋላቸው ሌሎች ስድስት ሰባት ወንዶች ተከተሉ። ቄሱ «ሰብሰብ ብላችሁ» ማለታቸው ትዝ አላቸውና የሰው ፍቅር ብለው ተደሰቱ። ሁሉም ተራ በተራ እጃቸውን ይዘው ረዥም ጊዜ ጨበጧቸው። ከአጥሩ ውጭ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የቆሙትን ሴቶች አላዩም።

እንግዶቹ ብርድ ልብስ በለበሰው ሶፋ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ማኅደረማርያም ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከውስጥ ወጣች፤ ሰላም ብላ፣ የቀረውን ወንበር አምጥታ፣ ፍሪጁን ተደግፋ ቆመች። አመጣጣቸው አልገባትም፤ ስለ ስብሰባው ሊመርቋት መስሏታል። ወግ ነውና ወሬው ከሩቅ ተጀመረ። ውርጩ ባቄላውን ፈጀው ተባለ። ዘንድሮ ባቄላ አይቀመስም፣ ሽንኩርቱም ዋጋው ሰማይ ወጥቷል ተባለ። እስከ ጫጫ ድረስ ሚኒባሱ ስንት እንደሚያስከፍል አንዱ ተናገረ፣ ሌላው አልስማማ አለ። ቄሱ በወሬው አካሄድ ረኩ፤ እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አያደርጉትም።

አቶ ፍሥሐ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ማኅደረማርያም ልጄ፣ እናትሽ ጉልበቷን ያማት ነበር መቼም» አሉ።

ቄሱ በልባቸው አመሰገኑ። ከጉልበት ተነስቶ ደም ላይ ለመድረስ መንገዱ ቢረዝምም የዘመድን ሕመም አንስቶ ወደ ራሷ ማምጣቱ ብልኅነት ነው።

«አዎ፣ ያማታል» አለች ልጅቷ።

«ሰሞኑን ጠንቶባት ነበር አሉ» አሉ መምሬ ብርሃነ መስቀል። ከዚያ ዝም አሉ። አቶ ፍሥሐም ዝም አሉ፤ ሶፋው በሙሉ አንገቱን ደፋ።

ቄስ ገብረአብ ዝምታውን አወቁት። የራሳቸው ዝምታ ነው፤ በስንቱ ቤት ይዘውት ገብተዋል። ማኅደረማርያምም አወቀችው። የመርዶ ነጋሪ ልጅ ናት፤ ከታሞ ነበር በኋላ ጠንቶበት ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ እንደሚመጣ ፊደል ሳትቆጥር ነው የለየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። «እማዬ?» አለች ቀስ ብላ። ይህን ጊዜ ግቢ ውስጥ የገቡት ሴቶች የተነገራት መስሏቸው «አስካለዬን!» እያሉ ለቅሶውን ለቀቁት። ልጅቷ ፍሪጁን ተደግፋ ወደ መሬት ስትንሸራተት ብርድ ልብሱም አብሯት ወረደ፤ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተንቀጫቀጩ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፉ ወሬን በጥቂት በጥቂቱ ሲያቀምሱ የኖሩት ሰው በዚያች ቅጽበት ሙያቸውን ረሱ። ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው «እናትሽ አልሞተችም!» ብለው ጮኹ። «ማንም አልሞተም! አንቺ ነሽ፣ ካንሰር ነው ያለብሽ!»

ጩኸታቸው ግቢው ድረስ ስለተሰማ ሴቶቹ መሃል ላይ አቋረጡ። ከሩቅ የአንድ በግ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ወርቅነሽ ማንኪያ እንደያዘች በጓዳው በር ብቅ አለች።

«እማዬ ደህና ናት?» አለች ልጅቷ መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

«ደህና ናት።»

«በማርያም በሉኝ።»

«መሐላ አይገባም፤ ደውዪላት።»

ማኅደረማርያም ዓይኗን ጨፍና ረዥም ትንፋሽ ሳበች። ቀለሟ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ቀጥሎም ሳቅ ያዛት። «እንዴት አስደነገጣችሁኝ» አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ካንሰሩንማ አውቀዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?» አለች ወርቅነሽ።

«የደም ካንሰር መሆኑን ነዋ። የምንገባበት በር ላይ የካንሰር ሕክምና ክፍል ብሎ በትልቁ ተጽፏል። አሥረኛ ክፍል የደረስኩ ልጅ ነኝ፣ አነባለሁ። እትዬ እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ ነጠላዋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ ወዲያ ማዶ እዪ ትለኛለች። አንድ ቀን ማዶ ሳይ እዚያም ሌላ በር ነበር፤ እሱም ላይ ተጽፏል።»

ወርቅነሽ ማንኪያዋን ዝቅ አደረገች። ዓመት ሙሉ የደከመችበት ሥራ በአንድ አፍታ ሲፈርስ ማየት ለማንም ቀላል አይደለም። «እና ካወቅሽ» አለች በቅሬታ፣ «ያን ሁሉ ቀይ ሥር ለምን በላሽ?»

«አብስለሽ ስትሰጪኝ ምን ልበል? ደግሞ ተጨንቃችሁ ስትደብቁኝ አሳዘናችሁኝ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን በሥርዓት መናገር ይከብዳል። ድንኳኑ ለካ ከአጥሩ ጥግ ግማሹ ተተክሏል፤ አግዳሚ ወንበሩ ወርዷል፤ ጎረቤት ቤት ንፍሮው እየተንፈቀፈቀ ነው። አቶ ፍሥሐ ዓይናቸው እስኪቀላ አፍረው ሲያበቁ የእድር ዳኝነታቸው ትዝ አላቸውና፣ በደንባቸው ውስጥ ሟች ለሌለበት ቤት ድንኳን የሚል አንቀጽ እንደሌለ፣ ስለዚህ ወጪው በየትኛው በኩል እንደሚያዝ ከመምሬ ጋር መነጋገር ጀመሩ። አስካለማርያም ራሷ ከአንኮበር ደወለች። አንድ አስተዋይ ሰው ለአገር ቤት ዘመድ ልንገር ብሎ ሲደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ኖራለች፤ «እኔ ሞቼ ነው እንዴ የምታለቅሱት? ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» እያለች ትቆጣለች። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ድምጿን የሰሙት ሴቶች እንደገና አለቀሱ። የመጣ እንባ ተመልሶ አይገባም ብለው ጥቂቶቹ የየራሳቸውን ሟች አንስተው እርማቸውን አወጡ። ንፍሮው ሲደርስ ቢበላ ምን ነውር አለው ተብሎ ለሁሉም ታደለ። ማኅደረማርያምም በላች። አንዲት አሮጊት አጠገቧ ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን እየመጠጡ ትከሻዋን ሲዳብሱ፣ ልጅቷ ቀሚሷ እንዳይጨማደድ ቀስ ብላ ትሸሻለች።

ሰዓቱ ሄዷል። ቄሱ ልጃቸውን ይዘው ከለቀስተኛው መሃል ሾልከው ባጃጅ ያዙ። የባጃጁ ነጂ ድንኳኑን አይቶ «እግዜር ያጥናዎት፣ ማን አረፈ?» ቢላቸው «ማንም» አሉት፤ ነጂውም ሐዘን ያናገራቸው መስሎት ሒሳብ ቀነሰላቸው። ባጃጁ ውስጥ ብርዱ በሸራው ቀዳዳ ይገባል። ቄሱ ጋቢያቸውን ለሁለት አካፍለው ልጃቸውን አለበሷት። ብዙ ሊነግሯት የሚገባ ነገር ነበራቸው፤ ይቅርታ በዪኝ ሊሏት ፈልገዋል፣ ግን ከየት እንደሚጀምሩ አልመጣላቸውም። ለሌላው ሰው የሚጀምሩበት ዝናብና ከብት ለዚህ አልሆነም። እሷ ናት ቀድማ የተናገረችው።

«አባባ፣ መርዶ ሊነግሩ ሲሄዱ፣ ቀድሞ ያወቀ ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል?»

ቄሱ አሰቡ። መልሱን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። «ሁሉም ያውቃል» አሉ። «ገና በር ላይ ሲያየን ያውቃል። አንዳንዱ ከዚያም በፊት ልቡ ነግሮታል።»

«ታዲያ ካወቀ ለምን ትሄዳላችሁ?»

«ብቻውን እንዳያለቅስ ነዋ። ሌላ ምን ሥራ አለን?»

ማኅደረማርያም በሸራው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች። በመንገዱ ዳር የፋብሪካ ሠራተኞች በቡድን ይሄዳሉ፣ አፋቸው ይጨሳል። «እኔ እስከ ዛሬ አላለቀስኩም» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ዓይኔ ካበጠ ማወቄን ታውቁብኛላችሁ ብዬ።»

ቄሱ ዓመት ሙሉ ዳዊት እየደገሙ ፊታቸውን ያዞሩበት ግድግዳ ታያቸው፤ ከግድግዳው ወዲያ የተኛችው እሷ ነበረች። እጇን ያዙ፤ የቀጭን ልጅ እጅ ነው፣ ቀዝቅዟል።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር ሠናይት በር ላይ ቆማለች። «ነገሯት?» አለች በቄሱ ጆሮ።

«ተነግሯታል።»

«ማን ነገራት?»

«ሰፈሩ» አሉ ቄሱ፤ ውሸት አይናገሩምና። ዶክተሯ ወደ ልጅቷ ዞረች። ማኅደረማርያም «የደም ካንሰር ነው ያለብኝ፤ መግባት እችላለሁ?» አለች። ዶክተሯ መንገድ ለቀቀችላት፤ ልጅቷም ቀሚሷን አስተካክላ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባች።

የወላጆቹ ክፍል ከልጆቹ የሚለየው በስስ ጣውላ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስ ሻይና ብስኩት ቀርቧል፤ ወላጆቹ ብስኩቱን እየቆረጠሙ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ምክንያቱም ማንም ቢሆን ልማዱን በአንድ ቀን አይተውም። ዶክተር ሠናይት ለልጆቻቸው እንዴት እንደነገሯቸው እንዲያወጉላት ጠየቀች። ከደነባ የመጡ እናት «እኔስ ነግሬዋለሁ፤ ካንሰር ነው፣ ግን ትንሽዬ ናት አልኩት» አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ከጫጫ የመጣ አባት ለሴት ልጁ የነገራት በስልክ መልእክት ነው፤ እሷ ሳሎን፣ እሱ መኝታ ቤት ሆነው። «ምን ብላ መለሰች?» ቢባል «እሺ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ እራት በላን» አለ። ቄሱ ተራቸው ሲደርስ የጠዋቱን ሁሉ ከነጥሩምባው ነገሯቸው። ወላጆቹ መጀመሪያ ሐዘን መስሏቸው ከንፈር መጠጡ፣ ቀጥሎ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ከጣውላው ወዲያም ሳቅ ተሰማ። ማኅደረማርያም የአክስቷን ነጠላና የበሩን ጽሑፍ እያወራች ነው። አንድ የጎረምሳ ድምፅ «የኔን ደግሞ እናቴ ትንሽዬ ናት ብላኛለች» ሲል የደነባዋ እናት ብስኩታቸውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ።

ሳቁ ቀስ እያለ በረደ። አንዲት ልጅ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ጥያቄው በጣውላው በኩል በደንብ አልተሰማም። ከዚያ ለቅሶ መጣ። ጩኸት የለውም፤ ታፍኖ ቆይቶ መውጫ ሲያገኝ የሚመጣ፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ለቅሶ ነው። ወላጆቹ ሁሉ ቀና አሉ፤ እያንዳንዱ የእኔ ይሆን ብሎ አዳመጠ። ቄስ ገብረአብ ግን ማዳመጥ አላስፈለጋቸውም። ተነሱ።

ዶክተር ሠናይት በሩ ጋ ቀደመቻቸው። «አባ፣ የልጆቹ ክፍል ነው። ወላጅ እንዳይገባ ተስማምተናል እኮ።»

«ወላጅ ሆኜ አይደለም የምገባው።»

«ታዲያ ምን ሆነው?»

«ሥራዬ ነው» አሉ ቄሱ።

ዶክተሯ ፊታቸውን አየች፤ የሚሉት ነገር ሙሉ በሙሉ የገባት አይመስለኝም፤ ግን ከበሩ ዞር አለች። ልጆቹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ማኅደረማርያም ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች፤ አጠገቧ ያሉት ልጆች ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ጫማቸውን ያያሉ። ቄሱ አይዞሽ አላሏትም። አታልቅሺ አላሏትም። እግዚአብሔር ያውቃል የሚለውንም፣ ሌላውንም የሚያውቁትን የማጽናኛ ቃል ሁሉ ተዉት። በየሰዉ ቤት ሲያደርጉት እንደኖሩት ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ስበው ተከናነቡ። ሰው ቤት ሲሄዱ የሚያለቅሱት በልክ ነበር፤ የዛሬው እንባ ግን ገና ሳይቀመጡ ፊታቸውን አጠበው። ማኅደረማርያም ቀና ብላ አላየችም፤ ማን እንደመጣ ግን አውቃ፣ ፊቷን እንደሸፈነች አግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለችላቸው።